የሚሮጥ መስኮት፣ የቆመ ሐዘን

ሲመሽ ባቡር ተሳፍሮ በመስኮት በኩል ፎቶግራፍ ለማንሣት የሞከረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። የውጭውን መንገድ አነሣለሁ ብሎ ይደግናል፤ ያነሣውን ሲያይ ግን የገዛ ፊቱን፣ አጠገቡ የቆመውን መንገደኛ ትከሻና በጣሪያው የተደረደረውን መብራት ጨለማው ላይ ተንሳፍፎ ያገኘዋል። ቀን ከሆነ ደግሞ ሩቁ ተራራ ባለበት ተቀምጦ፣ ቅርቡ አጥርና የመብራት ምሰሶ እንደ ተፈተለ ጥጥ ይሳብበታል። በአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ተሳፍረው በስልካቸው የሚያነሡ ወጣቶችን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲያጋጥማቸው “ተበላሸ” ይሉና ወዲያው ያጠፉታል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡትም እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ያላጠፋ ጥቂት ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ እነዚያ “ስለ ተበላሹት” ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ነጸብራቅና ብዥታ ከፎቶግራፍ ላይ መጠረግ ያለባቸው እድፎች ናቸው ወይስ ፎቶግራፉ በሌላ መንገድ የማይነግረንን የሚነግሩን ምስክሮች? መልሱን በደፈናው ከመስጠት አንድ ሥራ ይዞ መመርመር ይሻላል። የመረጥሁት ሥራ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፖል ፉስኮ እ.ኤ.አ. በ1968 ከሮበርት ኬኔዲ የቀብር ባቡር ውስጥ ሆኖ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ነው። ወደዚያ ከመሻገራችን በፊት ግን ስለ መስተዋትና ስለ ፍጥነት ጥቂት መባል አለበት።

መስተዋቱና ፍጥነቱ

መስተዋት የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን ያገኘውን ብርሃን ሁሉ አያሳልፍም። ፊት ለፊት የመጣበትን ብርሃን በእያንዳንዱ ገጹ ከመቶ አራት እጅ ያህሉን ይመልሳል። ሁለት ገጽ ስላለውም አንዱ መስተዋት ከመቶ ወደ ስምንት እጅ ይመልሳል ማለት ነው። ይህ መጠን ቀንም ሌሊትም ያው ነው። ቀን ቀን ነጸብራቁን የማናየው የውጭው ብርሃን ስለሚውጠው ነው። ሲመሽ ውጭው ይጨልምና የውስጡ መብራት ያይላል፤ መስኮቱም መልክ ማያ ይሆናል። ባለሙያዎች ይህን ለማምለጥ ሌንሳቸውን ከመስተዋቱ ጋር ያጣብቃሉ፤ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ይጋርዳሉ፤ ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያም ይገጥማሉ። ማጣሪያው የሚረዳው ግን ወደ ጎን ዘወር ብለው ሲያነሡ ነው፤ ፊት ለፊት ለሚመለሰው ብርሃን እምብዛም አይበጅም።

ብዥታውም የራሱ ሒሳብ አለው። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር በአንድ ሴኮንድ 12 ሜትር ተኩል ይሄዳል። የካሜራው መዝጊያ ለሴኮንድ ስድሳኛ እጅ ተከፍቶ ቢዘጋ፣ በዚያች ቅጽበት ባቡሩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጉዟል። ለሴኮንድ ስምንተኛ እጅ ከተከፈተ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ተጉዟል። ሐዲድ ዳር የቆመ ሰው መልክ ፊልሙ ላይ የሚሳበው በዚሁ ምክንያት ነው። ሩቅ ያለው ነገር ግን በሌንሱ ፊት የሚያልፈው በዝግታ በመሆኑ ብዙም አይነካም። አንሺው ካሜራውን በቆመው ሰው ላይ ተክሎ፣ ባቡሩ ወደፊት ሲሄድ እሱ በዚያው ልክ ወደኋላ እያዞረ ከተከተለው ነገሩ ይገለበጣል። ሰውየው ይጠራል፤ ከፊቱና ከኋላው ያለው ዓለም ይሸሻል።

እንግዲህ ነጸብራቅ የሚመጣው አንሺው ከመስተዋት ጀርባ ስለሆነ ነው፤ ብዥታ የሚመጣው ከሁለቱ አንዱ የቆመ ሌላው የሚሄድ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ስለሚታየው ነገር የሚናገሩትን ያህል ስለሚያየው ሰው ይናገራሉ፤ የት እንደነበረ፣ በምን ፍጥነት ያልፍ እንደነበር፣ ከሚያየው ሰው ጋር ምን እንደለየው ያሳብቃሉ። ንጹሕና ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ ይደብቃል። አንሺው የሌለ፣ ዓለምም ራሷን በራሷ የቀረጸች ያስመስላል።

ከፉስኮ በፊት

ከባቡር መስኮት ማንሣትን ፉስኮ አልጀመረውም። ታዋቂው ዎከር ኢቫንስ ከባቡር መስኮት ያነሣቸውን የቀለም ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1950 ፎርቹን በተባለው መጽሔት ላይ ከራሱ ጽሑፍ ጋር አውጥቷል። ኢቫንስ የገባው አንድ ነገር ነበር፦ ባቡር ከተማን የሚያየው በጓሮ በኩል ነው። አውራ ጎዳና የቤቱን ፊት፣ የሱቁን ማስታወቂያ፣ የተቀባውን በር ያሳያል። ሐዲድ ግን የተጣለ ብረት፣ የፋብሪካ ጀርባ፣ የተሰጣ ልብስ ባለበት ነው የሚያልፈው። ሰው በጓሮው ሲታይ ለእንግዳ እንደተሰናዳ ሆኖ አይታይም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነጸብራቅን በተመለከተ ደግሞ ከሮበርት ፍራንክ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። ስዊዘርላንድ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ፍራንክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1955 ኒው ኦርሊየንስ ውስጥ በአጠገቡ ያለፈችን የከተማ ባቡር ከውጭ ሆኖ አነሣ። ባቡሯ በመስኮቶቿ ተከፋፍላለች። ከፊት አንድ ነጭ ሰው፣ ከእሱ ኋላ ነጭ ሴት፣ ከዚያ ሁለት ነጭ ሕጻናት፣ ከዚያ ጥቁር ወንድ፣ በመጨረሻ ጥቁር ሴት ይታያሉ። የአገሪቱ የዘር መለያየት በአንድ ረድፍ ተደርድሯል። ሮዛ ፓርክስ በሌላ የደቡብ ከተማ በሞንትጎመሪ ከአውቶቡስ ወንበሯ አልነሣም ያለችው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ነበር።

ይህን ፎቶግራፍ ያዩ ሁሉ ስለ ረድፉ ይናገራሉ፤ ስለ መስተዋቱ የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል መስኮቱ የተዘጋበትና ፊቱ በነጸብራቅ የተሸፈነው ከፊት የተቀመጠው ነጭ ሰው ነው። ከራሳቸው በላይ ባሉት መስተዋቶች ላይ ደግሞ መንገዱ፣ ሰማዩና ሕንጻው ተጣምመው ተደባልቀዋል። ታች ሁሉም ሰው በተመደበለት ቦታ ተቆልፎ ሳለ፣ ላይ ግን ምንም ነገር በቦታው የለም። ፍራንክ ይህን የላይኛውን ክፍል ቆርጦ መጣል ይችል ነበር፤ አልቆረጠውም። ያ የተጣመመ ነጸብራቅ ባይኖር ፎቶግራፉ የሕጉ ማስረጃ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ነጸብራቁ ስላለ ግን ሥርዓቱ እንደሚናወጥ የሚያሳስብ ሆኗል። ፎቶግራፉ እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ውስጥ ለታተመው የፍራንክ መጽሐፍ ሽፋን መሆኑም የሚገባው ነው።

ስምንት ሰዓት በመስኮት

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ሮበርት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1968 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተተኮሰበት፤ በማግሥቱም አረፈ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ጁን 8 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ በሚገኘው የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል የቀብር ጸሎት ከተደረገለት በኋላ አስከሬኑ 21 ፉርጎ ባለው ልዩ ባቡር ወደ ዋሽንግተን ተጓዘ። በመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ የነበረው ሳጥን ሕዝቡ በመስኮቱ እንዲያየው በወንበሮች ላይ ከፍ ተደርጎ ተቀመጠ። መንገዱ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዘወትር ቀን አራት ሰዓት የሚፈጀው ጉዞ በዚያ ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ ወሰደ፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ወጥቶ ነበርና። ቅድም በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያልኋችሁ ፍጥነት የዚህ ባቡር አማካይ ፍጥነት ነው።

ፉስኮ በባቡሩ ውስጥ የነበረው ሉክ የተባለው መጽሔት ባልደረባ ሆኖ ነው። ያሰበው ቀብሩን ለማንሣት ነበር። በባቡሩ ውስጥ እንደልቡ መዘዋወር አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ቢኖር በመስኮት ማየት ነበር። ባቡሩ ከመሬት በታች ካለው መውጫ ወደ ቀኑ ብርሃን ብቅ ሲል ያን ሁሉ ሰው ተሰልፎ አየ። ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ፤ ዋሽንግተን እስኪደርስም ሲያነሣ ዋለ። ከ1,000 በላይ ፎቶግራፎች አነሣ።

የታየው ምንድን ነው? በቁመታቸው ልክ ከአባት እስከ ትንሹ ልጅ በተርታ የተሰለፉ ቤተሰቦች፤ በወታደር ሰላምታ ቀጥ ያሉ ሰዎች፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደረጉ ሴቶች፤ የደንብ ልብሳቸውን የለበሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፤ የቅዳሜ ሙቀት ራቁት ገላቸውን ያስወጣቸው ጎረምሶች፤ ቦቢን የሚሰናበት ጽሑፍ የያዙ ሰዎች። ኢቫንስ እንዳየው ባቡሩ የሚያልፈው በጓሮ በኩል ነው፤ ለቀስተኞቹም በጓሯቸው፣ በአጥራቸው ሥር፣ በቆሻሻ መጣያቸው አጠገብ ቆመዋል። እኛ አገር አስከሬን ሲያልፍ ሱቅ ውስጥ ያለው ሥራውን ገታ አድርጎ፣ ተቀምጦ የነበረውም ተነሥቶ ያሳልፋል። ሟቹን ያውቀው እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። የፉስኮን ፎቶግራፎች ሳይ ያስታወሱኝ ይህንኑ ነው። አቋቋማቸው ለካሜራ የሆነ አይደለም፤ የሚያልፈውን ለማሳለፍ ነው የቆሙት።

የፉስኮ ውሳኔዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው መስኮቱን መክፈቱ ነው። መስተዋቱ ሲነሣ ነጸብራቁም አብሮ ሄደ። የአንሺው ፊት፣ የተሳፋሪዎቹ ሐዘን፣ የፉርጎው መብራት በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ የሉም። ሳጥኑም አይታይም። የምናየው ከሟቹ ወገን ሆነን ነው፤ ከሳጥኑ ጋር ተጭነን የምንሄድ ያህል። ፍራንክ መስተዋቱን ትቶ በሁለት ዓለም መካከል ያለውን ግድግዳ ሲያሳየን፣ ፉስኮ ግድግዳውን አፈረሰው። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ በፎቶግራፎቹ ላይ አንድ ቅር የሚል ነገር ይኖር ነበር፤ የሚያልፈው ሰው ከቆሙት ጋር አብሮ የቆመ ያስመስል ነበርና።

ይህን ያዳነው ሁለተኛው ውሳኔ ነው፤ ካሜራውን በሰዎቹ ላይ ተክሎ እየተከተለ ማንሣቱ። እያንዳንዱን ሰው ለአፍታ ይይዘዋል፤ የሰውየው ፊት ይጠራል፤ ከፊቱ ያለው ሣርና ከኋላው ያለው ግድግዳ ግን ተጎትቶ ይሄዳል። ሰዎቹ ጎርፍ መካከል ተተክለው የቀሩ ይመስላሉ። አንዳንዴም እጁ ያመልጠውና ፊታቸው ራሱ ይሟሟል። ይህ ብዥታ በአንሺው አዋቂነት የመጣ ጌጥ አይደለም። ባቡሩ አይቆምም፤ እሱም ወርዶ የማንንም እጅ አይጨብጥም፤ እያንዳንዱን የሚያገኘው ለጥቂት ሴኮንድ፣ ያም ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ብዥታው ይህን ሳይሸሽግ ይናገራል።

ከዚያ ሲመሽ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ኮዳክሮም ቀለሙ የደመቀ፣ ነገር ግን ብዙ ብርሃን የሚሻ ፊልም ነበር። ቀኑ እያዘቀዘቀ በሄደ ቁጥር ፉስኮ መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ ክፍት ማድረግ ነበረበት። በመሆኑም ፎቶግራፎቹን በተነሡበት ቅደም ተከተል ያየ ሰው አንድ ለውጥ ያስተውላል። በቀትሩ ፀሐይ ቀዩ ሸሚዝና ሰማያዊው መኪና ጥርት ብለው ይታያሉ። ወደ ማታ ግን የሰዎቹ ጠርዝ ይላላል፤ በመጨረሻ ጥላዎች ብቻ፣ የተሳበ ብርሃን ብቻ ይቀራል። ቀኑ ራሱ እየሞተ ፎቶግራፎቹን ጻፋቸው ማለት ይቻላል። ይህን ቅደም ተከተል ማንም ደራሲ ከዚህ አሳምሮ አያዘጋጀውም፤ ፉስኮም አላዘጋጀውም። ያደረገው ነገር ቢኖር ብርሃን አነሰ ብሎ አለማቆሙ ነው።

ሉክ እነዚህን ፎቶግራፎች ሳያወጣ ቀረ፤ መጽሔቱም እ.ኤ.አ. በ1971 ተዘጋ። አብዛኞቹ ስላይዶች ከመጽሔቱ ክምችት ጋር ወደ አሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ዓለም በደንብ ያያቸው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ሰፋ ያለው እትም አፐርቸር በተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። ፉስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 አረፈ።

የሚቀረው ነገር

ይሁንና ሐያሲ አድናቆቱን ገልጾ ብቻ አይሄድም። እነዚህን ፎቶግራፎች የሚያሞግሱ ብዙዎች አንድ አሜሪካን፣ በሐዘን አንድ የሆነ ሕዝብን አየንባቸው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መስኮት ሁሉንም በእኩል ርቀት፣ በእኩል ጊዜ ያያል፤ ሁሉም የተመሳሰለው በከፊል ከባቡር ስለታየ ነው። ጥቁርና ነጭ ትከሻ ለትከሻ የቆሙባቸው ፎቶግራፎች አሉ፤ ሰፈሩ እንደየቀለሙ ተለይቶ የቆመባቸውም አሉ። ባልቲሞርና ዋሽንግተን ኪንግ በተገደለ ሰሞን፣ በዚያው ዓመት በኤፕሪል፣ በሁከት የነደዱ ከተሞች ናቸው። ይህን ባቡሩ አልፎት ይሄዳል። ኤልዛቤት በምትባል የኒው ጀርሲ ከተማም ሐዲድ ላይ ወጥተው የነበሩ ሁለት ለቀስተኞች በተቃራኒው አቅጣጫ በመጣ ሌላ ባቡር ተገድለዋል። ከመስኮቱ ውስጥ ለሚያየው ፍጥነት ብዥታ ነው፤ ከታች ለቆመው ግን ሞትም ሊሆን ይችላል። የመስኮቱ እይታ ከእይታዎች አንዱ ብቻ መሆኑን ካልያዝን በውበቱ እንታለላለን።

ይህን የተረዳው ኔዘርላንዳዊው ሠዓሊ ሬን የለ ቴርፕስትራ ነው። የፉስኮን ፎቶግራፎች ሲመለከት ከለቀስተኞቹ ብዙዎቹ ካሜራ እንደያዙ አስተዋለ። እነሱስ ምን አነሡ? ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሐዲዱ ዳር የነበሩትን ሰዎች እያፈላለገ በየቤቱ አልበም ውስጥ የቆዩትን ፎቶግራፎች፣ ስላይዶችና ፊልሞች ሰበሰበ። በ2018 በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፉስኮ ሥራ ጋር ጎን ለጎን ታዩ። በእነዚህ ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። ጎረቤት፣ ልጅ፣ አጥርና ዛፍ በቦታቸው አሉ፤ የሚደበዝዘውና የሚሸሸው ባቡሩ ነው። ፉስኮ ደብዝዘው ያየናቸውን ሰዎች አሳየን፤ እነሱ ደግሞ ደብዝዞ ያለፈውን ፉስኮን አነሡት። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ብዥታ የማን ነው? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ከቆሙበት ቦታ ጋር ይለዋወጣል።

በዚያው ትርዒት ላይ የፈረንሳዊው ፊሊፕ ፓሬኖ አጭር ፊልምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የተሠራው ይህ ፊልም ጉዞውን በተዋንያን እንደገና በትልቅ ፊልም ቀርጾታል። ውብ ነው፤ ጥርት ያለ ነው። እኔን ግን አልነካኝም። ፓሬኖ ቢያሻው ባቡሩን መልሶ ሌላ ጊዜ ማንሣት ይችላል፤ ፉስኮ አይችልም ነበር። ልዩነታቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዛሬ ብዥታ ፋሽን ሆኗል። ቆሞ ያለ ነገር ካሜራ እየወዘወዙ ማደብዘዝ፣ ያልነበረ ነጸብራቅ በኮምፒዩተር መደረብ ቀላል ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ ስልኮች በመስኮት የተነሣን ፎቶግራፍ ነጸብራቅ ራሳቸው ለይተው ያጠፋሉ። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ አንሺው የት እንደነበረ የሚናገረውን ምልክት ያበላሻሉ። ያልተንቀሳቀሰው የተንቀሳቀሰ፣ ከመስተዋት ጀርባ የነበረውም ደጅ የቆመ ያስመስላሉ። በእኔ ሚዛን ብዥ ያለ ፎቶግራፍ ጥሩ የሚባለው ብዥታው ከየት እንደመጣ ሲታወቅና ያለ እሱ የሚጎድል ነገር ሲኖር ነው። የፉስኮ ፎቶግራፎች ይህን ሚዛን ያልፋሉ። ብዥታውን ብታነሡላቸው የሚቀሩት በደግ ቀን የተሰለፉ ሰዎች ናቸው፤ ስንብቱ አብሮ ይሄዳል።

ባቡሩ ዋሽንግተን የገባው ጨልሞ ነው። ኬኔዲም አርሊንግተን መካነ መቃብር በሌሊት ተቀበረ። ፉስኮ ሊያነሣው ያሰበው ያንን ቀብር ነበር፤ ሥራው ሆኖ የቀረው ግን መንገድ ላይ ያየው ነው። ከመጨረሻዎቹ ፎቶግራፎች በአንዱ ፊት ለፊት ብንቆም የምናየው ጥቁር ጥላዎችን ነው፤ ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ነጭ ይሁኑ ጥቁር አይለይም። መቆማቸው ብቻ ይታወቃል። በሚቀጥለው ጊዜ በባቡር መስኮት ያነሣችሁት ፎቶግራፍ ደብዝዞ ብታገኙት፣ ወይም የራሳችሁ ፊት በጨለማው ላይ ተንሳፍፎ ብታዩት፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ጥቂት ተመልከቱት። ሌላውን ሁሉ ቢስት እናንተ የት እንደነበራችሁ አይስትም።